የቅዳሜ ፍም እስከ ማክሰኞ

ሐኪሟ ወገቤን በሜትር ለካችና «መቶ አራት» ብላ ጻፈች። ያኔ ዕድሜዬ 42፣ ክብደቴ 93 ኪሎ ነበር። የደም ግፊቴም ከፍ ማለት ጀምሯል። ደረጃ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብዬ ትንፋሼን ካልሰበሰብኩ አልቀጥልም። የዚያን ቀን ቤት ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግቢ ውስጥ ባለችው ክዳን ያላት የከሰል ግሪሌ ላይ ነው። መሸጥ ሊኖርብኝ ነው ብዬ ከፋኝ። ጥብስና ጤና አብረው አይሄዱም ብዬ ነበር የማስበው።

አልሸጥኳትም። ዛሬ 81 ኪሎ ነኝ። ግሪሏም በየቅዳሜው ትቀጣጠላለች። እንዲያውም ከማንም በላይ የረዳችኝ እሷ ናት። የኔ አመጋገብ የሚበላሸው ቅዳሜ ቀን ብቻ አልነበረም። ይበልጥ የሚበላሸው ሰኞ ማታ ነው። ደክሞኝ እገባለሁ፣ ፍሪጁ ባዶ ነው፣ ዳቦና ያገኘሁትን ነገር ቆሜ እበላለሁ፣ አልጠግብም፣ እደግማለሁ። ቅዳሜ የተቀጣጠለው ፍም የሰኞንና የማክሰኞን ራት ጭምር አብስሎ ከሄደ ግን ያ ምሽት ይድናል። ይህን እንዴት እንደማደርግ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ግቡ ሚዛን ላይ ብቻ አይሁን

መጀመሪያ የጻፍኩት ግብ «80 ኪሎ» የሚል ነበር። በየማለዳው ሚዛን ላይ እወጣለሁ። አንድ ቀን ኪሎ ይቀንሳል፣ በማግስቱ ይመለሳል፣ እኔም እናደዳለሁ። በኋላ እንደገባኝ ጨው የበዛበት አንድ ራት ብቻ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሚዛኑም ይጨምራል። ስብ አልጨመርኩም፣ ተስፋዬ ግን ቀንሷል። ስለዚህ ግቤን በሚሠራ ነገር ቀየርኩት። አምስት ኪሎ ሜትር ሳልቆም መሮጥ። ሃያ ፑሽአፕ በተከታታይ። ምሳና ራት ላይ የሳህኑን ግማሽ አትክልት ማድረግ። ሚዛን ላይ የምወጣው በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ጠዋት ብቻ ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ይላል። እኔ ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ ሱምሱማ እሮጣለሁ፤ ሁለት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ በዳምቤል፣ በፑሽአፕና በስኳት እሠራለሁ። ጂም አልገባሁም። መግባት ለሚወድ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን የምቀጥለው ጫማዬ በር ላይ ሲጠብቀኝ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። ክብደት እየቀነሱ ጡንቻን ላለማጣት ፕሮቲን ያስፈልጋል። ለአዋቂ ሰው በመነሻነት የሚመከረው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ነው። ስፖርት ለሚሠራ ሰው ወደ 1.6 ግራም ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ለኔ ለ81 ኪሎ ሲሰላ 130 ግራም ያህል ይሆናል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም።

130 ግራም ሲባል ያስፈራል። ሲከፋፈል ግን ቀላል ነው። ቆዳው የተነሳ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 31 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ ነው። 200 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም ይሰጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሥጋ ሲበስል ውሃው ይወጣና ከክብደቱ ሩቡን ያህል ያጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ዶሮ ከፍሙ ላይ ሲነሳ 750 ግራም አካባቢ ነው። ይህን ሳላውቅ በፊት ለሳምንቱ ይበቃል ብዬ የጠበስኩት ሁሌ እሑድ ማታ ያልቅብኝ ነበር።

የጥብስ ቀን የሚያወፍረው

ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ የበላሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሥጋውን ነበር የምጠረጥረው። ሆኖም ብዙውን ካሎሪ ያመጣው ዙሪያው ነበር። ፍሙ እስኪደርስ የምቆረጥመው ቺፕስ። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። ስኳር የበዛበት የጠርሙስ ሶስ። ማዮኔዝ ያለበት ሰላጣ። አትክልቱ ላይ በዓይን ግምት የሚፈስ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚያፈስ እጅ ደግሞ አራት ማንኪያ መድረሱን አያውቀውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለወጥኩ። ዘይቱን በማንኪያ እለካለሁ። ከሰል ከመለኮሴ በፊት ደግሞ አንድ ሳህን ቲማቲምና ካሮት ከትፌ፣ ሎሚ ጨምቄበት ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። የራበው ሰው ያገኘውን ይበላል። ልጆቼም ቺፕሱ ከሌለ ካሮቱን ይጨርሱታል።

እሳቱን ለሁለት ክፈሉት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዶሮ ጠብሼ ለቤተሰቡ አቀረብኩ። ከውጭ ደህና አድርጎ ጠቁሯል። ልጄ ታፋውን ስትገምጠው አጥንቱ አካባቢ ያለው ሥጋ ገና ቀይና ጥሬ ነበር። ከእጇ ነጠቅኳት። ደግነቱ አልዋጠችውም፣ እኔ ግን ያን ቀን ምንም አልበላሁም። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ተህዋሲያን ሊኖሩት ይችላል፤ ልጅን አልጋ ላይ የሚጥሉ ናቸው። ስህተቴ ከሰሉን በሙሉ አንድ ወጥ አድርጌ ዘርግቼ ሥጋውን በቀጥታ ነበልባል ላይ ማስቀመጤ ነበር። እንዲህ ሲሆን ውጩ ያርና ውስጡ ሙቀት ሳይደርሰው ይቀራል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከሰሉን አቀጣጥዬ እጠብቃለሁ። ፊቱ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ጥቁር ከሰል እየጨሰ ሥጋ አይቀመጥም፤ ጭሱ መራራ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ደግሞ በጭራሽ አይነካም፤ ሰውን ያቃጥላል፣ ምግቡንም ያበላሻል። ፍሙ ሲደርስ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን እገፋዋለሁ። ሌላው ግማሽ ከሥሩ ምንም ፍም የለውም። በዚህ ዓይነት አንዱ ወገን ኃይለኛ ሙቀት፣ ሌላው ወገን ለስላሳ ሙቀት ይሆናል። ክዳኑ ሲዘጋ ለስላሳው ወገን እንደ ምድጃ ሆኖ ከሁሉም አቅጣጫ ያበስላል።

ሙቀቱን የምለካው በእጄ ነው። መዳፌን ከፍርግርጉ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ከቻልኩ ኃይለኛ ነው። አምስት ስድስት ከደረስኩ መካከለኛ ነው። ታች ያለው የአየር ቀዳዳ ሲከፈት ፍሙ ይበረታል፣ ሲጠብ ይለዝባል። እሳቱን የሚያዝዘው ይህ ቀዳዳ ነው።

አጥንት ያለው የዶሮ ታፋ በለስላሳው ወገን ይጀምራል፤ ክዳኑ ተዘግቶ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ብቻ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ወደ ፍሙ ሄዶ ቀለም ይይዛል። አጥንት የሌለው ደረት ሌላ ነው። ወፍራሙን ጫፍ በመዳፍ ወይም በድስት ቂጥ ቀጥቅጬ ሁሉም ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ እንዲሆን አደርገዋለሁ። ከዚያ ፍሙ ላይ ለእያንዳንዱ ወገን አራት አምስት ደቂቃ። ውፍረቱ ካልተስተካከለ ቀጭኑ ጫፍ ደርቆ ገመድ ሲሆን ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። የዶሮ ደረት ይደርቃል ብለው የሚተዉት ሰዎች አብዛኞቹ ይህን አንድ ነገር ስላላደረጉ ይመስለኛል።

ደቂቃው ግምት ነው። እርግጠኛው ቴርሞሜትር ነው። ከዚያ የልጄ ነገር በኋላ በማግስቱ ገዛሁ፤ ከወጥ ቤት ዕቃዎቼ ሁሉ ይህን እመርጣለሁ። ጫፉን አጥንት ሳይነካ በወፍራሙ ቦታ መሃል አስገቡት። ዶሮ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በስሏል። የተፈጨ ሥጋ 71 ነው። ያልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 63 ደርሶ ሦስት ደቂቃ ሲያርፍ ይበቃዋል። ዓሣም 63 ነው። የተፈጨው ለምን ከፍ አለ ብትሉ፣ ተህዋሲያን በአብዛኛው ያሉት የሥጋው ፊት ላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ፊቱ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል።

ሌላው የቴርሞሜትር ጥቅም የሚረሳ ነው። ያለ ስብ የሚጠበስ ሥጋ የሚጣፍጠው ውሃው ውስጡ ሲቀር ነው። እፈራለሁ ብሎ አሥር ደቂቃ የሚጨምር ሰው ሥጋውን ያደርቀዋል፣ ከዚያ የደረቀውን ለመዋጥ ሶስ ይፈልጋል፣ በሶሱ ደግሞ ያመለጠው ካሎሪ ተመልሶ ይገባል።

ስለ ጭሱና ስለ ማረሩ

ጥብስ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምታችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ በጣም ከፍተኛ ሙቀት ላይ ሲቆይ፣ በተለይ ሲያር፣ ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጎጂ ነገር ይዞ ሥጋው ላይ ያርፋል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር አምጥተዋል። ስለዚህ መቀነሱ ተገቢ ነው፤ መቀነስም ይቻላል።

ሥጋውን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ይቀንሰዋል። ቅመም ውስጥ ዘፍዝፎ መጥበስም እንዲሁ። ስቡን አስቀድሞ በቢላ ማንሳት። ነበልባል ሲነሳ ሥጋውን ወደ ለስላሳው ወገን ማሸሽ። የጠቆረውን ቆርጦ መጣል። እሳቱን ለሁለት የከፈለ ሰው ከዚህ ውስጥ ግማሹን ሳያስበው አድርጎታል።

የሥጋው ዓይነትም ይታሰብበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደ ቋሊማና ካም ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቧቸዋል። ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» ብሎታል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ ቤት ቀይ ሥጋ በወር ሁለት ቅዳሜ ነው፤ ቀሪዎቹ የዶሮና የዓሣ ናቸው። ቋሊማ ከግሪላችን ላይ ወርዷል። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ረሱት።

መዘፍዘፊያው

ለአንድ ኪሎ ቆዳ የሌለው ዶሮ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ ማንኪያ ከሙን፣ ጥቂት የጥብስ ቅጠል፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨዉን ለክቼ የምጨምረው በደም ግፊቴ ምክንያት ነው። የቀኑ ልክ ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህ ማለት ለአንድ ሰው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ ሲበረቱ የጨው ማነስ አይታወቅም።

ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሎሚ ያለበትን ከአራት ሰዓት በላይ አላቆየውም፤ የሥጋው ፊት ይልማል። ሌሊቱን ማሳደር ከፈለጋችሁ በሎሚው ፋንታ እርጎ አድርጉ። ዓሣ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ፍሙ ላይ ከመሄዱ በፊት ፊቱን በወረቀት አድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ ቀለም አይዝም። ማር የሚወዱ ካላችሁ መጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ ቀቡት፤ ቀድሞ ከተቀባ ያርራል።

ጥሬው የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ እንደ ሶስ አትጠቀሙበት። ጥሬ የያዘውን ሳህንም የበሰለውን መልሳችሁ አታስቀምጡበት። እኔ ጥሬው ወደ ፍሙ እንደሄደ ሳህኑን ወዲያው ወደ ማጠቢያው እልከዋለሁ፤ አጠገቤ ካለ እጄ ይሳሳታል።

አትክልቱ ፍሙ ላይ ይቅደም

በፊት አትክልት በመጨረሻ ነበር የምጠብሰው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ጠግቧል፤ ስለዚህ ይተርፋል። አሁን መጀመሪያ ነው የሚጠበሰው፤ የሚቀርበውም መጀመሪያ ነው። ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ በወፍራሙ የተቆረጠ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ። ዘይት ትልቅ ሳህን ውስጥ ሁለት ማንኪያ አድርጌ አትክልቱን በእጄ አሻለሁ፤ ይበቃዋል። ድንችና ስኳር ድንች አስቀድመው አሥር ደቂቃ ይቀቀሉ፤ አለዚያ ውጩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ነው። ጥቅል ጎመን ከእነ ግንዱ በወፍራሙ ተቆርጦ ሲጠበስ ጫፉ ጣፋጭ ይሆናል። ማንም አይገምተውም፤ እስቲ ሞክሩት።

ደበርጃኑን ግን ሳትልጡ ከእነ ሙሉው ፍሙ ላይ ጣሉት። ቆዳው እስኪጠቁርና ውስጡ እስኪፈርስ 25 ደቂቃ አካባቢ ይቆያል። ከዚያ ቆዳውን ገፍፋችሁ ሥጋውን ከእርጎ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር በሹካ ደቁሱት። እኛ ቤት ማዮኔዝን ያስወጣው ይህ ነው። ጭስ ጭስ ይላል፣ ዳቦም ላይ ይቀባል፣ ከዶሮውም ጋር ይሄዳል።

ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ

አራት ሰው ነን። ሁለት ኪሎ ጥሬ ዶሮ እጠብሳለሁ። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይወጣዋል። ቅዳሜ 600 ግራም ገደማ እንበላለን። ቀሪውን በጠፍጣፋ ዕቃ በስሱ አድርጌ ፍሪጅ አስገባዋለሁ፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የበሰለ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ። ጨዋታ ሲደምቅ ይህ ይረሳል፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ ማንቂያ እሞላለሁ።

ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ለዚያ ነው ልኩ ማክሰኞ የሆነው። ለረቡዕ የሚሆነውን የዚያኑ ማታ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። እሑድ ምሳ ዶሮው ቀዝቃዛውን ተከትፎ ሰላጣ ላይ ይሆናል። ሰኞ ማታ የተቀቀለ ምስር፣ የተጠበሰ አትክልትና 100 ግራም ዶሮ በአንድ ሳህን፤ ከበር እስከ ጠረጴዛ 12 ደቂቃ። ማክሰኞ ስፖርት ከሠራሁ በኋላ የተረፈውን አትክልት ከሦስት እንቁላል ጋር እጠብሳለሁ። ዶሮ ስታሞቁ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ክደኑት፤ አይደርቅም። ውስጡ እንደገና 74 ዲግሪ ይድረስ።

ሱምሱማ የምሮጠው ጠዋት ስለሆነ ከባድ ነገር ሳልበላ እወጣለሁ። ማታ የምትሮጡ ከሆነ ከዋናው ምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ።

ግሪሉን ስትዘጉ

ፍርግርጉን ሞቅ እያለ ማጽዳት ይቀላል። እኔ ፎይል ጨብጬ በመቆንጠጫ ይዤ እፈትገዋለሁ። የሽቦ ብሩሽ ትቻለሁ፤ ሽቦው ተነቅሎ ምግብ ላይ ይቀርና ጉሮሮና አንጀት የሚወጋበት ጊዜ አለ። ክዳኑንና የአየር ቀዳዳዎቹን ስትዘጉ ፍሙ አየር አጥቶ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሆናል። አመዱ ቀዝቅዟል ብላችሁ አትመኑት። ሁለት ቀን ሙሉ ውስጡ ፍም ሊኖር ስለሚችል ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ነው የሚቀመጠው።

ዝናብ ቢመጣ እንኳን ግሪሉን ወደ ቤት፣ ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ተዘጋ በረንዳ አታስገቡት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው አድርጎ ይገድላል። የጠፋ የመሰለ ፍምም ያወጣዋል። ሲዘንብ እኛ በጃንጥላ ሥር እንጨርሳለን፤ አልያም ለእሑድ እናሳድረዋለን።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቼ ነበር፤ 81 ነኝ፣ እንዳለፈው ሳምንት። የከሰሉን ከረጢት እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ልጄ ደበርጃኑን ራሷ ልትደቁስ ከወዲሁ ተራ ይዛለች። ነገ ዓሣ ነው። ሎሚው ከግማሽ ሰዓት በፊት አይጨመቅበትም።